የባላባቱ ገላጣ

ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ ሰነበተ። ጎረቤቴ አስቴር «ኪኒን መቃም ትተሽ ታጠኚ» ብላ አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ከነድስቱ ይዛልኝ መጣች። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንፋሎቱ ላይ አጎነበስኩ። ሌላ ሰው በዚህ ሽታ አፍንጫው ይከፈትለታል፤ እኔን ግን ዕንባ ቀደመኝ። ቅጠሉ የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር፤ ያ ሰፋ ያለው፣ ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው፣ ሲነኩት ጣት ላይ ነጭ የሚያስቀረው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ ቀጭን ነው፣ ሽታውም ለዘብ ይላል። የለጋው ግን አይምርም።

«ዕንባሽ ወረደ አይደል? እንግዲህ ሊለቅሽ ነው» አለችኝ አስቴር ከብርድ ልብሱ ውጭ ሆና።

እኔ ግን ያን ጊዜ ከኮተቤ በላይ፣ ከጫካው ውስጥ፣ ከአባቴ ጋር ነበርኩ።

በደርግ ዘመን፣ አምስተኛ ክፍል በተማርኩበት ዓመት፣ እጄ ሁልጊዜ ይህን ይሸት ነበር። የክፍሌ ልጆች «ቪክስ» የሚል ስም አወጡልኝ። «ቪክስ መጣች፣ አፍንጫ የተደፈነበት ይጠጋ!» ይላሉ በር ላይ ገና ሲያዩኝ። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ዘይነባ ነው፤ አባቴ «ዘይኑ» ይለኛል። በሳሙና ባሸው፣ በአመድ ባሸው፣ አልለቅ አለኝ።

ቤታችን መንገዱ አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ሰይድ የደን ዘበኛ ነው። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ እዚያው ዳገት ላይ የቀረ ሰው ነው። ገጀራውን በትከሻው፣ ልጥ የሚልጥበትን ካራ በወገቡ አድርጎ ጠዋት ይወጣና ለመግሪብ ሶላት ይመለሳል። የደን ዘበኛ ሥራ ያን ጊዜ ከሰው መጣላት ማለት ነበር። እሱ ግን መጣላት አይሆንለትም። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ካጋጠሙት ጀርባውን ይሰጥና መሳል ይጀምራል፤ ሸክማቸውን አንስተው እስኪሰወሩ ድረስ ሳሉ አይለቀውም። እናቴ ፋጡማ «ይኼ ሳልህ አንድ ቀን ያስበላሃል» ትለው ነበር። ያስበላው ሌላ ነገር ሆነ እንጂ።

ኅዳር ላይ ጓድ ታደለ መጣ። ጓድ ታደለ የደን ባለሙያ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት። ሌሎቹ አለቆች አባቴን «አንተ ሰይድ» ሲሉት፣ እሱ «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ» ይለዋል። ለዚህች «እርስዎ» አባቴ ነፍሱንም ቢጠይቁት አይነፍግም ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ ለድኩላ ምኑ ነው?» አለ በራፋችን ላይ ቆሞ ሻይ እየጠጣ። «ከሥሩ ሣር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ። በረሃ በለው። ከጅረቱ ማዶ ያለውን ለጋ ለጋውን ከመሬት አስጠግተው ይቁረጡልኝ። ጽዱንና ወይራውን አይንኩ፤ ቀጋውንና አጋሙንም ይተዉት። ፀሐይ መሬቱን ካገኘችው ሣሩ ራሱ ይመጣል። ሣሩ ከመጣ ድኩላው ይመጣል።»

«ለጋ ዛፍ ይቆረጥ ነው የሚሉኝ?» አለ አባቴ። «በዚህ በችግኝ ዘመቻ ጊዜ?»

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። ሲያምር ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ያዩታል።»

«ወረቀት አለው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

ጓድ ታደለ ሳቀ። «እትዬ ፋጡማ፣ በእኔና በጋሽ ሰይድ መካከል ደግሞ ወረቀት?»

አባቴም አብሮት ሳቀ፤ እናቴን ግን ገላመጣት። በእንግዳ ቃል ላይ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ቤት ነውር ነው። እናቴ ነውረኛ ሆና ነገሩ አለቀ።

ያን ሰሞን የሳይንስ መምህራችን ችግኝ የሚቆርጥ ሰው የሕዝብ ጠላት ነው ብለው አስተማሩን። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ደረቅሁ። የሕዝብ ጠላት በሬዲዮ የሚወራለት ሰው ነው። እኔ በሐሳቤ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ቀን ቀን የሚተኛ ሰው አድርጌ ስዬው ነበር። አባቴ ደግሞ ከጅረቱ ማዶ ለጋ ዛፍ ሲጥል ይውላል። ማታ እራት ላይ ጢሙን ትኩር ብዬ አየሁት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«አባዬ፣ አንተ የሕዝብ ጠላት ነህ?»

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ! ግድግዳም ጆሮ አለው።»

አባቴ ጉርሻውን ውጦ ጨረሰ። «የሕዝቡን እንጃ» አለ፤ «የባሕር ዛፉ ጠላት ግን ሳልሆን አልቀርም።»

ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚሞት ዛፍ አይደለም። ብዙ ሳይቆይ ጉቶው ዙሪያውን ቀንበጥ ያወጣል፤ አንዱን ግንድ የጣለ ሰው በምትኩ ጫካ ያበቅላል። ስለዚህ አባቴ የጉቶውን ልጥ በካራው ይልጠዋል፤ ያም ሆኖ የሚወጣውን ቀንበጥ ገና ለጋ እያለ ከሥሩ መገንጠል ያስፈልጋል። ይኼ የእኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜና ከትምህርት ቤት መልስ ጅረቱን ተሻግሬ ከጉቶ ጉቶ እዞራለሁ። ቀንበጡን ወደ ታች ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ጭማቂው ጥፍር ሥር ይገባል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ እራት ሲበሉ ሳይቀር አብሮ ይጎረሳል።

«ቀጭ ካላለ ሥሩ ቀርቷል ማለት ነው፤ ድገሚው» ይለኛል አባቴ ከወዲያ ሆኖ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ። በጆሮው ነበር የሚቆጣጠረኝ።

የበልግ ዝናብ ጣለ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ መሬቱ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ ስንራመድበት ይንኮሻኮሽ ነበር። አንድ ቀን ስንሻገር ኮሽታው ጠፋ፤ እግሬ ሣር ላይ ነበር። ቀጋው አበባ አውጥቷል፣ ክትክታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በየጉቶው መካከል ቆሟል። አባቴ ተቀምጦ ሣሩን በመዳፉ ዳበሰው። «ይኸው መሬቱ አፈር ነው ለካ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ደስ ማለቱ ግን ገብቶኛል።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ውሻ ሲጮኽ ሰማሁ። ወፍራም፣ የተቆጣ ድምፅ ነው።

«የማን ውሻ ነው አባዬ?»

ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። «ድኩላ ነው። ተባዕቱ ነው። ዝም ብለሽ እይ።»

እንዲህ የሚያምር ፍጥረት እንደ ውሻ መጮኹ በጣም አናደደኝ። አላህ ድምፅ ሲያድል ተሳስቶ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ፤ ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። መጀመሪያ ቀላ ያሉ፣ ቀንድ የሌላቸው ሁለት እንስቶች ወጡ። እነሱን ተከትሎ እሱ መጣ። ጠጉሩ ጥቁር ነው፤ አንገቱ ሥር ነጭ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ። እግሩን አንሥቶ ያሰላስላል፣ ደስ ሲለው መሬት ያስነካዋል፣ ቆሞ ገላጣውን ከዳር እስከ ዳር ይገላምጣል።

«አየሽው?» አለ አባቴ በሹክሹክታ። «ጭሰኛ ሊጎበኝ የወጣ ባላባት እኮ ነው የሚመስለው!»

ከዚያ ወዲያ ስሙ ባላባቱ ሆኖ ቀረ። እናቴ አልወደደችውም። «ባላባትን አዋጅ ጠርጎታል፤ አንተ ደግሞ ጫካ ውስጥ ትሾምልኛለህ?»

«አዋጁ ጫካ አልደረሰማ!» አለ አባቴ።

አባቴን እንደዚያ በልግ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እራት ላይ የሚያወራው ስለ ባላባቱ ነው፤ ዛሬ ዘግይቶ ወጣ፣ ዛሬ አጋም በላ፣ ዛሬ አንደኛዋ ሚስቱ ገፍታው ሄደች። እናቴ «እኔ ዛሬ ምን እንደሠራሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ስትለው «አንቺ ቀንድ የለሽማ» ይላታል፤ እሷም እየሳቀች በጨርቅ ትመታዋለች። ድሆች ነበርን፤ ግን የራሳችን ወሬ ነበረን።

ሚያዝያ ላይ ጓድ ታደለ አሞሌ ጨው ይዞ መጣ። ገላጣው መሐል ካለው ትልቅ ጉቶ ላይ አስቀመጠው። እኔ እንደ ኢድ ከረሜላ ቆጠርኩት። ቀጥሎ ከገላጣው ዳር ማማ እንዲሠራ አባቴን አዘዘው። ወሎ ውስጥ ማማ የሚሠራው ማሽላን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው፤ አባቴም በሌላ አልተረጎመውም። «ጠባቂ ሊጨምሩ ነው ማለት ነው» አለ። «ከጅብም ከአዳኝም ይጠብቁታል።» በቆረጥነው ባሕር ዛፍ ራሱ ሠራው፤ በልጥ ጠፍሮ፣ መሰላል አበጅቶ፣ ለሰው ጀርባ ማረፊያ ሳይቀር አድርጎለት።

እኔ ቤት አደረግኩት። ደብተሬን ይዤ እዚያ ላይ ሒሳብ እሠራ ነበር። ጓድ ታደለ አንድ ቀን አብሮኝ ወጣና ወደ ጨው ጉቶው አሻግሮ አየ። «ያች የወይራ ቅርንጫፍ ትከልላለች» አለ። «ጋሽ ሰይድ፣ እሷን ይቁረጧት፤ እንግዶቹ በደንብ እንዲያዩ።» ወይራ አትንኩ ያለው እሱ ራሱ ነበር። አባቴ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ቆረጣት።

ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። እናቴ ሻይ በፔርሙስ ሞልታ፣ ሳንቡሳ ጠብሳ እንድትወጣ ታዘዘች፤ እኔ ስኒ ተሸክሜ ተከተልኳት። እንግዳ ነው ብዬ የኢድ ቀሚሴን ለብሻለሁ። ሁለት ዋዝ መኪና ከጅረቱ ወዲህ ቆሟል። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የሚፈሩት ወፍራሙን ስለነበር እኔ በልቤ ትልቁ ጓድ አልኩት። ካሳ የሚባል ሾፌር ከመኪናው ረዣዥም ቦርሳ ያወርዳል። የሩቅ ማያ መነጽር መሰለኝ።

እናቴ ሳንቡሳውን ስታቀርብ ትልቁ ጓድ እጁን ዘርግቶ መለሰው። «ሥጋ አለበት?»

«ኧረ ምስር ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ በይ» አለና ሁለት አነሣ። እያኘከ ለአባቴ ንግግር አደረገ። «ዛሬ እስላም ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። ሃይማኖት ድሮ ቀረ። ሁላችን ሰፊው ሕዝብ ነን። አይደለም እንዴ አንተ?»

«ነው» አለ አባቴ።

ትልቁ ጓድ ማማው ላይ ወጣ። አባቴ የሠራው መሰላል አልተንቋቋም። እኛ ከታች ከእናቴ ጋር ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንስቶቹ ወጡ። ከዚያ ባላባቱ። እንደ ልማዱ ቆመ፣ ገላመጠ፣ ወደ ጨው ጉቶው ሄደ። እንግዶቹ ስላዩልን ኮራሁ። የእናቴን ክንድ ጎትቼ «ያ ነው!» አልኳት።

ተኩሱ ከራሴ በላይ ነው የጮኸው። እንስቶቹ ጠፉ። ባላባቱ ዘለለ፣ የኋላ እግሩ ከዳው፣ ወደቀ፤ ሊነሳ ሞከረ፣ ደግሞ ወደቀ። አባቴ ሲሮጥ አየሁት። ሊያድነው የሄደ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ እጁን አንገቱ ላይ ሲያደርግ እንኳ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

«ሳይሞት! ሳይሞት ይታረድ!» ይጮኻል ትልቁ ጓድ ከመሰላሉ እየወረደ። «ካሳ! ቢላዋ! ቶሎ በል!»

ካሳ ወደ ዋዙ ሮጠ። አባቴ ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። ማማውንም አየው። ከዚያ ባላባቱን በሁለት እጁ አቅፎ አዞረው፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አደረገው፣ ካራውን ከወገቡ መዘዘ።

«ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር!»

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ጅረቱ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር።

ካሳ ቢላዋውን እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ። «ውይ ጋሽ ሰይድ! ምን ነካህ? ምን አደረግክ?»

«አትጨነቅ፣ ነፍስ ሳይወጣ ደርሼበታለሁ» አለ አባቴ ካራውን በሣር እየጠረገ። «ንጹሕ ሥጋ ነው። ብሉ።»

በአገራችን ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሃይማኖት ድሮ ቀረ ያሉት ጓዶች ግን ይህን በአፋቸው ማውጣት አይችሉም፤ ያውም አንዱ ሌላውን እየሰማው። እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔን እንኳ የዱር ሥጋ ለጨጓራዬ አይስማማኝም» አለ አንዱ።

«እኔም ሐኪም ከልክሎኛል» አለ ሌላው።

ካሳ ሰማዩን አየና «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አለ። ደመና የሚባል አልነበረም።

ትልቁ ጓድ አባቴን ብዙ አየው። «ብልጥ ነህ አንተ» አለ፤ ሳይስቅ። «ጭንቅላቱን ቁረጥና ለካሳ ስጠው፤ ቀንዱን እፈልገዋለሁ። ሥጋውን ለልጆችህ ውሰድ።» ጓድ ታደለ ከሁሉም ኋላ ቆሞ በጫማው ጫፍ ሣሩን ይገፋ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ወይ እንደ እኛ ተታልሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ማታ እናቴ አለቀሰች። «ምን ነክቶህ ነው? ልጆች የሉህም? ዝም ብለህ ቢላዋውን ብታቀብላቸው ምን ነበረበት?»

«ፋጡማ፣ ይህን ሁሉ ወር የለፋሁት ለእነሱ አፍ ነው?» አለ አባቴ። «ቀንዱን ይስቀሉት። ሥጋውን ግን አይቀምሱትም።»

እሱም አልቀመሰውም። እኛ በላን። ሥጋ ካየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር፤ ጣፋጭ ነበር። ዛሬ ዘወር ብዬ ሳስበው አልጣፈጠኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጣፍጦኛል። የተረፈውን እናቴ ዘልዝላ ቋንጣ ሰቀለችው።

ብዙ ሳይቆይ ነዋሪው ሁሉ ገላጣው ላይ ለስብሰባ ተጠራ። የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ዳር ዳር ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ወደ ጉቶዎቹ አመለከተ። «ይህን ሁሉ የሕዝብ ዛፍ የጨፈጨፈ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «ታዝዤ ነው የቆረጥኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ጓድ ታደለ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጓድ ታደለ ዞረ። እሱ ሹራቡን ከትከሻው አውርዶ ለበሰ፤ የበረደው መሰለ። «እኔ የደረቀውን ልቀም ነው ያልኩት» አለ። «ይህ ሰውዬ በራሱ ነው ያደረገው። አሻጥር ነው።»

«አልዋሽም ካልክ በእጅህ ይዘኸው የጠጣኸው ሻይ ይፍረድ!» ብላ ጮኸች እናቴ። «በራፌ ላይ ቆመህ አላዘዝክም?» አንዱ ጥበቃ በክንዱ ገፋት።

አባቴ ጓድ ታደለን ብቻ ያየዋል። ከመታሰሩ ይልቅ «ይህ ሰውዬ» የምትለዋ ነበረች የመታችው። ሲወስዱት ጢሙን አየሁት፤ እንደ ወትሮው አጭር ነው፣ በጠዋት አስተካክሎታል። የሕዝብ ጠላት ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅኩ።

ቀበሌ እስር ቤት አስገቡት። ምግብ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በአጥሩ በኩል እቃውን ይቀበለኛል፣ «እናትሽ ደህና ናት?» ይለኛል። ስለ ገላጣው አይጠይቅም፤ እኔም አላነሳም። እያደር እየከሳ ሄደ። እናቴ «ሰውነቱ ሳይሆን ልቡ ነው የከሳው» ትል ነበር።

ሐምሌ ሲገባ የሠፈሩ ተማሪዎች ለችግኝ ተከላ ተጠራን። መምህራችን ፊት ፊት እየመሩ ጅረቱን አሻገሩን። ወዴት እንደምንሄድ እግሬ ከእኔ በፊት አወቀ። ማማው ፈርሶ ለማገዶ ተወስዷል። ቀንበጡን የሚገነጥል ጠፍቶ ጉቶው ሁሉ እስከ ወገቤ ደርሷል። ጨው የነበረበት ጉቶ እንኳ አብቅሏል።

«ጸረ ሕዝቡ ያቆሰለውን መሬት ዛሬ እናድነዋለን!» አሉ መምህራችን። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ያን ቀን ግን ቪክስ ያለኝ ልጅ የለም።

ተከልኩ። በሣሩ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይሰጠኛል፣ እተክላለሁ። ቀጋው ሥር አንድ አገኘሁ፣ ትኩስ የሆነ የድኩላ በጠጥ። በእግሬ አፈር አለበስኩት፤ ማንም እንዳያየው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። እናቴ ቋንጣ ፍርፍር ሠርታ፣ ሳልፍ ቤታችን በር ላይ ጠበቀችኝና እቃውን አቀበለችኝ፤ እጄን እንኳ አልታጠብኩም። አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ እጁን ሲዘረጋ እጄ እጁን ነካው። እቃውን ሳይወስድ ቆመ። ጣቶቼን ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋቸው። ዓይኑን ጨፈነ።

«ዘይኑ፣ ቀንበጡን እየገነጠልሽ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ቀጭ ይላል?»

«ይላል።»

«እንስቶቹስ?»

«ይመጣሉ። ሣሩ ረዝሟል።»

ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አብሽሪ፣ የእኔ ልጅ» አለኝ፤ «ገላጣውን እንዳታስበዪብኝ።» ጥበቃው «በቃ!» ብሎ እስኪጮኽ ድረስ እጄን ከአፍንጫው አላነሳም።